በሌሊት ጎንደር ስትገቡ የያዛችሁት አልጋ እንዳይሸጥባችሁ

ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆቴል አራት ዓመት የሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ። ምሽት 2 ሰዓት እገባለሁ፣ ጠዋት 2 ሰዓት እወጣለሁ። ከሥራው ሁሉ የሚከብደኝ አንድ ነገር ነበር። ሰው መንገድ አድክሞት፣ ሻንጣውን እየጎተተ፣ «አልጋ ይዣለሁ» ብሎ ከፊቴ ይቆማል። መዝገቡን እገልጣለሁ። ስሙ የለም። ወይም ስሙ አለ፣ ቁልፉ የለም።

አንዱ ሌሊት ከዓይኔ አይጠፋም። ጥር 9 ነበር፣ የከተራ ዋዜማ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ባልና ሚስት ከትንሽ ልጃቸው ጋር ገቡ። ልጅቷ አባቷ ትከሻ ላይ ተኝታለች። አንድ እግሯ ጫማ የለውም፣ ነጭ ካልሲዋ አቧራ ጠጥቷል። አባትየው ስልኩን አውጥቶ ቡኪንጉን፣ አልጋ የያዘበትን ማረጋገጫ፣ አሳየኝ። ስሙ ትክክል፣ ቀኑ ትክክል፣ ሆቴሉም የእኛ። ክፍሉ ግን እኔ ከመግባቴ በፊት፣ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተሸጧል።

የቀኑ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ደውሎላቸዋል። መንገድ ላይ ኔትወርክ ስለሌለ ስልኩ አልሠራም። ከተማው ሞልቷል፣ በር ላይ ጥሬ ብር የያዘ እንግዳ ቆሟል። ሠራተኛው «አይመጡም» ብሎ ሸጠው። ሲያስረክበኝም ስለእነሱ ያለኝ ነገር አልነበረም። ልጅቷን ሶፋ ላይ አስተኝተን በጋቢዬ ሸፈንኳት። እናትየዋ እስኪነጋ አጠገቧ ቁጭ ብላ አደረች።

ከዚያ ወዲህ በሌሊት ለሚመጣ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ የምናገረው አንድ ነው። አልጋችሁን የሚጠብቅላችሁ ሪሴፕሽን ላይ የሚያድረው ሰው ነው። እሱ ስማችሁን፣ የምትደርሱበትን ሰዓትና መክፈላችሁን ካወቀ አልጋችሁ አይነካም። እንዴት እንደምታሳውቁት ከመጀመሪያው ልጀምር።

1. የትኛው ሌሊት እንደሆነ አጥሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሐሙስ ተነስታችሁ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ትደርሳላችሁ እንበል። በእኛ አነጋገር ገና አልነጋም፣ ስለዚህ ሐሙስ ሌሊት ነው። የኢንተርኔት ቡኪንግ ግን የሚሄደው በፈረንጅ ሰዓት ነው። በእሱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ቀኑ ይቀየራል። የእናንተ 7 ሰዓት ለእሱ ዓርብ ነው። ይህን አይታችሁ መግቢያውን ዓርብ ብትሉት የያዛችሁት የሚቀጥለውን ሌሊት ሆነ። አልጋው የሚዘጋጀው ዓርብ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ገደማ ነው። እናንተ ደግሞ ከዚያ 13 ሰዓት ቀድማችሁ በር ላይ ቆማችኋል።

ስለዚህ ሌሊቱ የጀመረበትን ቀን ያዙ። ሐሙስ ከመሸ በኋላ ዓርብ እስኪነጋ ድረስ በየትኛውም ሰዓት ብትደርሱ፣ መግቢያ ሐሙስ፣ መውጫ ዓርብ ነው። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ገብታችሁ ወዲያው መተኛት ከፈለጋችሁም የምትከፍሉት የሐሙስን ሌሊት ነው። ለሁለት ሰዓት እንቅልፍ የሌሊት ሙሉ ዋጋ መክፈል ያማል፣ አውቃለሁ። ግን ያንን አልጋ ሌሊቱን ሙሉ ባዶ አስቀምጦ የጠበቃችሁ ሰው አለ።

በስልክ ስትነጋገሩ «ዓርብ ሌሊት» አትበሉ። አንዱ ዓርብን የሚያነጋውን ሌሊት ይሰማል፣ ሌላው ዓርብ መሽቶ የሚመጣውን። ለዚህ ጥሩ ቃል አለን፦ አጥቢያ። «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ካላችሁ ጎንደር ውስጥ የሚሳሳት ሰው አይኖርም።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ቡኪንጉ «ስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ?» ሲል የ6 ሰዓት ልዩነቱን አስቡ። ከምሽቱ 5 ሰዓት በእሱ 23 ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት በእሱ 1 ነው። በእኛ አቆጣጠር 7 እያሰቡ የፈረንጁን የምሽት 7 የሚሞሉ አሉ። ያ ለሆቴሉ ምሽት 1 ሰዓት ማለት ነው። ሆቴሉ ምሽት 1 ሰዓት ይጠብቃል፣ 2 ሰዓት ይጠብቃል፣ 3 ሰዓት ላይ «ቀርተዋል» ብሎ ይሸጠዋል።

ለጥምቀት የምትመጡ ደግሞ የቀን መቁጠሪያውን አስተያዩ። ከተራ ጥር 10፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው። በፈረንጅ ጃንዋሪ 18 እና 19 ይውላል። ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ካለፈች በኋላ በሚመጣው ጥር ግን 19 እና 20 ይሆናል። «ጥር 10» ለማለት ጃንዋሪ 10 ብሎ የያዘ እንግዳ ገጥሞኛል። እሱ ሲደርስ ቡኪንጉ ካለፈ 8 ቀን ሆኖት ነበር።

2. ቀብድ ክፈሉ

ምንም ሳይከፈል የተያዘ አልጋ ቃል ብቻ ነው። ብዙ ሆቴሎች እንዲህ ያለውን እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ያቆዩታል፣ ከዚያ በኋላ ለመጣ እንግዳ ይሰጡታል። ይህ የጎንደር ጠባይ እንዳይመስላችሁ፣ በሌላውም አገር የቆየ የሆቴል ልማድ ነው። ባዶ ያደረ አልጋ በማግስቱ አይሸጥምና ባለሆቴሉም እውነት አለው።

ስለዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የምትደርሱ ከሆነ ቢያንስ የአንድ ሌሊቱን ዋጋ አስቀድማችሁ ላኩ። በቴሌብርም ይሁን በባንክ፣ ወደ ሆቴሉ ሒሳብ ይሁን። «በእኔ ቁጥር ላክልኝ» ለሚል ሠራተኛ አትላኩ። ሠራተኛው ታማኝ ቢሆን እንኳ፣ እናንተ በምትደርሱበት ሌሊት እሱ ቤቱ ተኝቷል። ገንዘቡ በሆቴሉ መዝገብ ላይ ስለማይታይ የሌሊቱ ሰው ሊያምናችሁ ይቸገራል።

ከመላካችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ቀብዱ አልጋውን እስከ ስንት ሰዓት ያስጠብቅልኛል? ባልመጣ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? መልሱን በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት ይጻፉላችሁ። «ሌሊቱን ሙሉ ይጠበቃል» የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

የላከውና የሚያድረው ሰው የተለያየ ከሆነ ደግሞ ይህን ንገሯቸው። አዲስ አበባ ያለ ወንድም በቴሌብር ይልካል፣ አልጋው በእህቱ ስም ነው። ሌሊት ላይ እሷ ስሟን ስትነግረኝ ቀብዱን አላገኘውም፣ የወንድሟን ስም ስትነግረኝ አልጋውን አላገኘውም። «በእገሌ ስም የተላከው ለእገሊት አልጋ ነው» የሚል መልእክት ይህን ሁሉ ያስቀራል። ከ127 የሚመጣውን የቴሌብር ማረጋገጫም አታጥፉት።

በጥምቀት ሰሞን ቀብድ ግድ ነው። ጥር የሠርግም ወር ስለሆነ ከበዓሉ በፊትና በኋላ ያሉት ቀናትም ይጨናነቃሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ምርቃት ሲሆን ደግሞ ወላጅ ከየአገሩ ይጎርፋል። በእነዚህ ጊዜያት ለአንድ ክፍል በር ላይ ሦስት ሰው ይቆማል።

3. ስማችሁን በመታወቂያው ልክ አስጽፉ

የፈረንጅ ቡኪንግ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ የአባት ስም እንሞላለን። ሆቴሉ ዘንድ ሲደርስ ዝርዝሩ የሚደረደረው በዚያ በአባት ስም ነው። እናንተ ሌሊት ላይ በራሳችሁ ስም ትጠየቃላችሁ፣ የተመዘገባችሁት በአባታችሁ ነው። ስለዚህ «በእኔ ስም ካጣኸው በአባቴ ስም ፈልገው» በሉ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ ስም አራት ዓይነት ይሆናል። ስልክ ቁጥራችሁን ከስማችሁ ጎን አስጽፉ። ቁጥር አይምታታም።

4. ሁለት ጊዜ ደውሉ፣ ሁለተኛውን ከፈረቃ ለውጥ በኋላ

አንድ ምክር ብቻ ስጥ ብትሉኝ ይህንን ነው የምሰጠው።

ቀን ላይ ስትደውሉ የሚያነሳው የቀኑ ሠራተኛ ነው። «እሺ፣ ችግር የለም» ይላችኋል፤ ከልቡ ነው። ምሽት ላይ ግን ቁልፉን፣ ገንዘቡንና መዝገቡን አስረክቦ ይሄዳል። የእናንተ ነገር በቃል ከቀረ አብሮት ይሄዳል። የመጀመሪያው ጥሪ አልጋው መኖሩን፣ ቀብዱ መግባቱንና የሌሊት ሠራተኛው በስንት ሰዓት እንደሚረከብ ለማወቅ ነው።

ሁለተኛው ጥሪ ከዚያ ሰዓት በኋላ ነው። እንዲህ በሉት፦

«እንዴት አመሸህ ወንድሜ። ሌሊቱን የምታድረው አንተ ነህ? ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ አንድ አልጋ በስሜ አለ። ቀብድ ከፍያለሁ። የምደርሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት አካባቢ ነው። ስሜን መዝገቡ ላይ አየኸው? ስንት ቁጥር ክፍል ነው የያዝክልኝ?»

የመጨረሻዋ ጥያቄ ትልቅ ናት። የክፍሉን ቁጥር ለመናገር መዝገቡን መግለጥ፣ ቁልፉን ማየት አለበት። «207» ካለ በኋላ ያ ቁልፍ የእናንተ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣልኝ ቁልፉን ከሰሌዳው አውርጄ፣ ስሙን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ፣ መሳቢያ ውስጥ እከተው ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም በር ላይ ቢቆም አይሸጥም።

የእሱን ስምና የእጅ ስልክ ቁጥሩንም ጠይቁ። የሆቴሉ መስመር ስልክ በሌሊት ላይነሳ ይችላል። የእጅ ስልክ ግን ራስጌው ነው።

ሌላም መናገር ያለባችሁ ነገር አለ። የሌሊት ሠራተኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የቀኑን ሒሳብ ይዘጋል። ያን ጊዜ ያልመጣውን እንግዳ «ኖ ሾው» ብሎ ይመዘግበዋል። ሦስት ሌሊት የያዘ ሰው የመጀመሪያው ላይ ካልደረሰ፣ በብዙ ሆቴል የቀሩት ሁለቱም አብረው ይሰረዛሉ። ሰው ይህን አያውቅም። «አንዱ ሌሊት ቢያልፍብኝ ነገ እደርሳለሁ» ብሎ መንገድ ላይ ያድራል፣ ሲመጣ ክፍሉ የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ መኪና ቢበላሽባችሁ፣ ኬላ ላይ ብታድሩ፣ አውሮፕላኑ ቢሰረዝ፣ «ዛሬ አልደርስም፣ ነገ ግን እመጣለሁ፣ የቀሩትን ቀናት እንዳትሰርዝብኝ» ብላችሁ ከሒሳብ መዝጊያው በፊት ደውሉ።

5. መንገድ ላይ ሳላችሁ

ስልካችሁ ባትሪ አይጨርስ። ባትሪው 10 ከመቶ ሆኖ ጎንደር መግባት ራስን መቅጣት ነው። ዳታ ሊጠፋም ስለሚችል ቡኪንጉን፣ ደረሰኙንና የሆቴሉን ስልክ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈቱ በፎቶ አስቀምጡ። ስልክ ቁጥሩንማ ወረቀት ላይም ጻፉት።

ሹፌሩን «ስንት ሰዓት እንገባለን?» ብላችሁ የሚነግራችሁን ለሆቴሉ አታስተላልፉ። አንድ ሰዓት ጨምሩበት። ቀድሞ የደረሰ እንግዳ ማንንም አያስቀይምም።

ከባሕር ዳር የምትመጡ መንገዱ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። ወረታን፣ አዲስ ዘመንን፣ እንፍራንዝን፣ ማክሰኝትን አልፋችሁ በአዘዞ ትገባላችሁ። አዲስ ዘመን ላይ አንድ መልእክት፣ ማክሰኝት ላይ አንድ ጥሪ አድርጉ። ከደባርቅ የሚመጡ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራቸዋል፤ ለእነሱ ዳባት ላይ መልእክት፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጥሪ ይሁን። የሌሊት ሠራተኛ የቦታ ስም ሲሰማ ልቡ ያርፋል። «እየመጣን ነው» ምንም አይነግረውም። «ማክሰኝትን አለፍን» ግን እንግዳው በእርግጥ መንገድ ላይ እንዳለ ይነግረዋል።

መንገዱን በሌሊት ስለመጓዝ ደግሞ በግልጽ ልናገር። ማምሸታችሁ ካልቀረ፣ ባሕር ዳር አድራችሁ በማግስቱ መምጣት ከሁሉ ይበልጣል። የጸጥታው ነገር፣ የመንገዱ መዘጋትና የሰዓት ገደብ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ከመነሳታችሁ በፊት ሆቴሉን «በስንት ሰዓት መንቀሳቀስ ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሌሊት ሠራተኛ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። እሱ ራሱ በየምሽቱ ነው ወደ ሥራ የሚመጣው።

6. ከአዘዞ እስከ በሩ

አውሮፕላን ማረፊያው አዘዞ ነው፣ ከፒያሳ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በረራችሁ የምሽት ከሆነ የበረራ ቁጥሩን ለሆቴሉ ስጡ፤ መዘግየቱን እነሱም ማየት ይችላሉ። መኪና እንዲልኩላችሁም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ዋጋውንም ጨምሮ። ከማታ በኋላ ባጃጅ ከተገኘ ኮንትራት ነው፣ ያውም እንደልብ አይገኝም።

«የት ነው ሆቴሉ?» ለሚል ባጃጅ ነጂ ስሙ ብቻ አይበቃም። ሆቴሉን ሲያዋቅሩት ስሙ ይቀየራል፣ ሰዉ ግን በድሮው ይጠራዋል። በአቅራቢያው ያለ ምልክት ጠይቁ፦ ከፒያሳ በየት በኩል ነው? ማራኪ ሰፈር ነው ወይስ አራዳ? ከአስፋልት ይገባል? ነጂው ከጠፋው ስልኩን ለሌሊቱ ሠራተኛ አገናኙት። ሁለቱ በአንድ ደቂቃ ይግባባሉ።

የብዙ ሆቴሎች የብረት በር ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ይዘጋል። ከበሩ ጀርባ ጥበቃው ጋቢውን ተከናንቦ ወንበር ላይ ነው። አንኳኩታችሁ መልስ ካጣችሁ በሩን አትደብድቡ፣ ሪሴፕሽን ጋር ደውሉ። ለጥበቃው «አባባ፣ እንዴት አመሹ» ብትሉት በሩም ፊቱም ይከፈትላችኋል። መታወቂያችሁን በእጃችሁ ያዙ፤ ሳይመዘገብ ቁልፍ አይሰጥም።

7. አልጋው ተሽጦ ከጠበቃችሁ

መጀመሪያ ተቀመጡ። ሻንጣችሁን አስገቡ። ከግቢው አትውጡ። ሌሊት ከግቢ የወጣ እንግዳ ጉዳዩ ለሆቴሉ አለቀ ማለት ነው። አትጩሁ። ከፊታችሁ ያለው ልጅ አልጋውን የሸጠው አይደለም፣ ግን በዚያ ሰዓት ሊረዳችሁ የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

ቡኪንጉንና ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና የተሻለ ክፍል ካለ በዚያው ዋጋ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ለባለቤቱ እንግዳ ወይም ለድንገተኛ የሚቀመጥ አንድ ክፍል ይኖራል። የሌሊት ሠራተኛው ለመክፈት ሥልጣን ከሌለው «ሥራ አስኪያጁ ጋር ደውልልኝ» በሉ። ደፍሮ አይደውልም፣ እናንተ ስትጠይቁት ግን ምክንያት ያገኛል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እንግዳው እንዲህ እንዲለኝ ተመኝቻለሁ።

ከሌለ ሌላ ሆቴል የሚፈልግላችሁ ሆቴሉ ነው። ቀብድ ተቀብሎ አልጋውን የሸጠ ሆቴል ሌላ ቦታ አልጋ ማግኘት፣ የመጓጓዣውን መክፈልና የዋጋውን ልዩነት መሸፈን አለበት። በሙያው ውስጥ የታወቀ ነገር ነው። በእናንተ ፊት ይደውል፣ የዚያኛው ሆቴል ሠራተኛ ስማችሁን ይመዝግብ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ተነሱ። ቀብዱ ተመላሽ መሆኑን በወረቀት ጽፎ ይፈርምላችሁ።

ከተማው ሙሉ ሆኖ ምንም ከጠፋ እስኪነጋ ሎቢ ውስጥ እደሩ። ብርድ ልብስና ትራስ ጠይቁ። የጎንደር ሌሊት፣ በተለይ በጥር፣ ይበርዳል። ጠዋት ቀድሞ የሚለቀቀው ክፍል ለእናንተ እንዲሆን ስማችሁን ከወዲሁ አስጽፉ። ገንዘባችሁን ከከለከሏችሁ ደረሰኙን ይዛችሁ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት አመልክቱ፣ በኢንተርኔት የያዛችሁትን ደግሞ ለዚያው ለድርጅቱ ጻፉ።

8. ቁልፉን ከተቀበላችሁ በኋላ

ወደ ክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት ውሃ መኖሩን ጠይቁ። ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ቧንቧው ደረቅ ከሆነ በባልዲ ያምጡላችሁ። ወጥ ቤቱ ተዘግቷል፣ ስለዚህ እራት የምትፈልጉ ከሆነ በሁለተኛው ጥሪ ላይ «ሽሮም ቢሆን አስቀምጡልን» ማለት ነበረባችሁ። የጾም ቀን ከሆነም መናገሩን አትርሱ።

የሰጣችሁትን ቀብድ ቆጥሮ ቀሪውን ብቻ ያስከፍላችሁ፣ ደረሰኝም ይስጣችሁ። ከዚያም መዝገቡ ላይ ሁለት ነገር እንዲጽፍ ጠይቁት፦ የገባችሁበትን ሰዓትና የምትወጡበትን ቀን። ጠዋት የሚረከበው ሠራተኛ እናንተን አያውቃችሁም። የሚያየው «ሐሙስ የገባ» የሚል ብቻ ከሆነ 4 ሰዓት ላይ «ክፍሉን ትለቃላችሁ?» ብሎ ያንኳኳል። «ሌሊት 7 ሰዓት ገብተዋል፣ እሑድ ይወጣሉ፣ አይቀስቀሱ» ተብሎ ከተጻፈ ግን የፅዳት ሠራተኛዋም በሩን አልፋ ትሄዳለች።